ውሃ እንዳይነካው

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ይበሉ! ማለቱማ ቀላል ነው። እስቲ የትኛዋ ሴት ናት ደፍራ «እዚያ ቦታ ያመኛል» የምትለው? ጀሚላ ሦስት ዓመት ሙሉ አላለችም። ጅዳ፣ ኦብሑር የሚባል ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ካለ ቪላ ውስጥ ከቆንጂት ጋር አንድ ክፍል እየተኙ፣ እንደሚያሳክካት፣ በጨው ውሃ እንደምትዘፈዘፍ፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት እንደምትቀባ ለቆንጂት እንኳ ትንፍሽ አላለችም። ቆንጂት የነቃችባት አንድ ቀን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ደም የነካው ፎጣ ስትሸሽግ ደርሳባት ነው።

«አንቺ፣ የወር አበባሽ ከቆመ ሁለት ዓመቱ አይደል እንዴ?»

ጀሚላ ፎጣውን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ መደበቅ አልቻለችም።

ቆንጂት የቤቱ ምግብ አብሳይ ናት፣ ጀሚላ ደግሞ ጽዳት ነበረች። ሁለቱም የወሎ ልጆች፤ ቆንጂት ልጆቿን ጥላ ከወልድያ፣ ጀሚላ ከሐይቅ። አንዷ ክርስቲያን፣ አንዷ እስላም መሆናቸው በሀገራቸው ወግ የሚያጣላ ነገር አልነበረም። ለቀልድ ግን ይጠቅማቸው ነበር። ቆንጂት ሑዳዴ ስትጾም ጀሚላ የዶሮ እግር ይዛ ፊቷ ትመላለሳለች፤ ረመዳን ሲገባ ቆንጂት ተራዋን ጠብቃ ብድሯን ትመልሳለች። እንዲህ ሆነው ነው የሰው ሀገር ኑሮን የገፉት።

ሐኪም ቤት ሲገቡ የምትናገረው ቆንጂት ሆነች። ጀሚላ ዐረብኛ ጠፍቷት አይደለም፤ እንዲያውም ከቆንጂት ትሻላለች። ሐኪም ፊት ስትቀርብ ግን አፏ ይተሳሰራል። ለሰው ሁሉ የተነገረው «የማህፀን ነው» ተብሎ ነው። ማህፀን ክብር አለው፣ ልጅ ተሸክሟል፣ ሰው ያዝንለታል። የጀሚላ ሕመም ግን የማህፀን አልነበረም። የውጭው ነበር፤ ስሙ የማይጠራው። ካንሰር መሆኑ ታወቀና አንዱ ጎን ተቆርጦ ወጣላት፤ ብሽሽቷ ላይ ያለው ንፍፊትም አብሮ ተለቀመ። «ንጹሕ ነሽ» አሏት። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ንጹሕ ሆነች።

ከዚያ ተመልሶ መጣ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ በጠባሳው ጠርዝ ላይ እንደ ኪንታሮት ሆኖ ብቅ አለ፤ በሌላው ብሽሽቷ ደግሞ የሎሚ ፍሬ የሚያህል እብጠት አወጣ። መቀመጥ አቃታት። ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም፤ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ኢቃማዋን፣ አሳደሰችላት፣ ሐኪም ቤቱን አስጨረሰችላት። ግን መሥራት የማትችል ሠራተኛ ቤት ውስጥ አታስቀምጥም። ጀሚላ ካራንቲና ወደሚባለው የድሆች ሰፈር ወርዳ ከሀገሯ ልጅ ከረሕማ ጋር አንድ ክፍል ተጋራች። ረሕማ ትምህርት ቤት የምታጸዳ፣ ማታ ማታ የሴቶች ቁርኣን ትምህርት የምትከታተል፣ ነገረ ሥራዋ የሰከነ ልጅ ናት።

ሐኪሟ ሴት ነበረች፤ ፊት ለፊት ተናጋሪ። «ሁለተኛ ቢላ አናነሳም» አለች። «የሚቆረጥ ሥጋ አልቀረም። በጨረር እናቃጥለዋለን።»

«ትድናለች?» አለች ቆንጂት።

«እሱን ቃል አልገባም። ግን ብሽሽቷ ላይ ያለው ሳይፈነዳ ከደረስንበት ጊዜ እንገዛላታለን። አንድ ዓመት፣ ምናልባት ሁለት። ከፈነዳ ግን ኸላስ።»

ቆንጂት ወጥታ ቃል ሳትቀንስ ሁሉንም ለጀሚላ ነገረቻት። ጀሚላ ሰምታ ስታበቃ፣ «አንድ ዓመት ይበቃኛል» አለች። «ጨረሩን ልጨርስና በእግሬ ሐይቅ ልግባ። ከውሰርን ሳላቅፍ እዚህ አልቀበርም።» ከውሰር ልጇ ናት። ጥላት ስትመጣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን ሃያ ሞላት። በስልክ መስኮት ብቻ ነው ስታድግ ያየቻት።

ለጨረሩ መጀመሪያ ልኬት ተወሰደ። ሁለት ባለሙያ ሴቶች ጀሚላን ቀለበት በሚመስል ማሽን ውስጥ አስተኝተው ፎቶ አነሷት። ከዚያ ሁለቱ ታፋዎቿ ላይ፣ ከእምብርቷ በታች፣ በግራና በቀኝ ዳሌዋ ላይ በሰማያዊ ቀለም ትንንሽ መስቀለኛ ምልክት አሰመሩባት። ጨረሩ በዚያ እየተመራ ነው የሚገባው። ታዲያ አንደኛዋ ባለሙያ መርፌ ይዛ መጣች። «ቀለሙ እንዳይጠፋ በመርፌ ነጥብ ነጥብ እናድርግላት፣ አይታይም» አለች።

«አዑዙ ቢላህ! ንቅሳት?» ጀሚላ ከአልጋው ልትወርድ ደረሰች።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ነጥብ እኮ ናት» አለች ቆንጂት። «እኔ አንገቴን ሙሉ ተነቅሼ ምን ሆንኩ?»

«አንቺማ ድሮም የእሳት ነሽ። እኔን ተዪኝ።»

እዚያች ጭንቅ ውስጥ ሆነው ሳቁ። ባለሙያዋ ምን እንዳሳቃቸው ባይገባትም መርፌውን መለሰችና በየምልክቱ ላይ መስታወት የመሰለ ስስ ፕላስተር ለጠፈች። ጣቷን ቀስራ ደግሞ ለቆንጂት ተናገረች፤ «ውሃ እንዳይነካው! ሳሙና እንዳይነካው! ይሄ ከጠፋ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ እንጀምራለን።»

«ሐድር፣ እሺ» አለች ቆንጂት። በአፏም በልቧም ነው ያለችው።

እዚህ ላይ መካ መጣች። ከጅዳ መካ የአንድ ሰዓት መንገድ ናት። ጀሚላ ግን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የሄደችው አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ከማዳም ጋር፣ የማዳምን ሕፃን አዝላ፣ የጡጦ ቦርሳ አንጠልጥላ። «ልቤ ጡጦው ላይ ነበር። ዑምራ አልለውም» ትል ነበር። አሁን ሐጅ ተቃርቧል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ፈቃድ ለሌለው ሁሉ መካ ትዘጋለች። ጨረሩ ከጀመረ ደግሞ ሐኪሟ እንደነገረቻት ቆዳዋ ይላጣል፣ ሽንቷንም ላትቋጥር ትችላለች። እንደዚያ ሆና ሐረም፣ ቅዱሱ መስጊድ፣ አትገባም። ስለዚህ አንድ ዓርብ ቀረላት፤ ጨረሩ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ያለችው ዓርብ። ረሕማ ፈቃዱን በስልኳ አወጣች፣ ሙሳ የሚባል የኮምቦልቻ ልጅ መኪና ይዞ ሊመጣ ቃል ገባ።

ዓርብ ማለዳ ቆንጂት ማዳምን አስፈቅዳ ካራንቲና ደረሰች። ረሕማ ሙሳን ልትጠራ ወጥታለች። ከጅዳ ለዑምራ የሚሄድ ሰው ገላውን ታጥቦ፣ ኒያውን፣ የልቡን ሐሳብ፣ ይዞ ከቤቱ ነው የሚነሳው። ጀሚላ ጎንበስ ማለት አትችልም፤ የምታጥባት ቆንጂት ናት። መታጠቢያ ቤቱ ሁለት ሰው አያስገባም። ቆንጂት ቀሚሷን ታፋዋ ላይ ቋጥራ፣ ጀሚላን ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ከራስ ፀጉሯ ጀምራ እያፈሰሰች ወረደች። ወገቧ ላይ ስትደርስ እጇን ሰበሰበች። በእርጥብ ጨርቅ ምልክቶቹን እየዞረች ማበስ ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ጀሚላ።

«ፕላስተሩ እንዳይነካ ነዋ።»

«ውሃ ያልነካው ቦታ ካለ እኮ ትጥበቱ የለም።»

«በማርያም ጀሚላ! ስንት ጊዜ ነው የነገረችን? ውሃ እንዳይነካው አለች።»

«እናቴ» አለች ጀሚላ፣ «ሊጥ አቡክቼ ስነሳ ጣቶቼን አንድ በአንድ ታያቸው ነበር። ጥፍርሽ ሥር የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ሊጥ ከቀረች ውዱእሽ ከንቱ ነው፣ ሶላትሽም ከንቱ ነው ትለኝ ነበር። ይሄ ደግሞ ሊጥ አይደለም፤ ፕላስቲክ ነው፤ ሥሩ ቀለም ነው፤ አምስት ቦታ ነው። እንዲህ ሆኜ የአላህ ቤት ፊት ብቆም ማንን ነው የማታልለው?»

«ቆይ፣ ረሕማን እንጠይቃት። እሷ ትምህርቱ አላት።»

«ምን ብለሽ? የት ቦታ ነው ስትልሽ ምን ልትያት ነው?»

«ሆዷ ላይ ነው እላታለኋ!»

«ለዑምራ ተነስቼ ልዋሽ?»

«እሺ፣ አንዱን ሸኽ በስልክ…»

«ወንድ!» አለች ጀሚላ፤ እርቃኗን በተቀመጠችበት ጉልበቷን ገጠመች። «ቆንጂ፣ ከዚህ በኋላ ሌላ ዓርብ የለኝም። ነይ ልጄ፣ አንሺልኝ።»

ይሄ ይሉኝታ የሚሉት ጣጣ ስንቱን ቀበረ! ረሕማ ከበሩ ሃምሳ እርምጃ ርቃ ሙሳን እየጠራች ነበር። አንድ ጥያቄ፣ አንዲት ብቻ። ግን ያቺ ጥያቄ ያንን ቦታ ካልነካች አትጠየቅም፤ ስለዚህ ሳትጠየቅ ቀረች።

ቆንጂትም ድንጋይ አይደለችም። ወንድሟ ታሞ ጠበል ሲወስዱት ትዝ አላት። የጤና ጣቢያውን ቅባትና ፋሻ ሁሉ ልጠው ነበር ያስገቡት፤ ካህኑ «መድኃኒት ይዘህ ወይስ አምነህ?» ብለው ተቆጥተው ነበር። እኔ ብሆን አልልጠውም ነበር? አለች በልቧ። እግዜርን ለማየት የሚሄድ ሰው ሙሉ ሰውነቱን ይዞ ይሂድ እንጂ። ደግሞም መላ መጣላት። ስልኳን አውጥታ አምስቱንም ምልክት አንድ በአንድ ፎቶ አነሳች። በስንዝሯም ለካች፤ ከእምብርት እስከ ታችኛው አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት። «ስትመለሺ እኔ ራሴ መልሼ አሰምረዋለሁ» አለች። «እጄ መቼ ስቶ ያውቃል?» ኬክ ላይ ስም የምትጽፈው፣ የሳምቡሳ ሊጥ በዓይኗ ለክታ የምትቆርጠው እሷ አይደለች! ፕላስተሩን በጥፍሯ አነሳች። ቀለሙ እምቢ ሲል በሳሙናና በሎሚ አሸችው። ሰማያዊው ውሃ በጀሚላ እግር ሥር ፈሶ ወደ ቱቦው ገባ።

«አልሐምዱሊላህ» አለች ጀሚላ። ቆንጂት እንደዚያን ቀን ቀሏት አይታት አታውቅም።

ጀሚላ የቁስሏን ፓድ በመንገድ ላይ ሌላ ሰው እንዲቀይርላት ስለማትፈቅድ ቆንጂትም አብራ ተሳፈረች። ግን ኢቃማዋ ላይ እስላም አለመሆኗ ተጽፏል፤ መካ አትገባም። ከኬላው በፊት ካለ ነዳጅ ማደያ ወርዳ፣ ጀሚላን መጸዳጃ ቤት አስገብታ ፓዷን ቀየረችላት፣ ጎንበስ ብላም ካልሲዋን አስተካከለችላት። «ዱዓ አድርጊልኝ፣ የእሳት ነሽ ብለሽ እንዳትዘልዪኝ» አለቻት። መኪናው ሄደ። ቆንጂት ከማደያው ሱቅ ጥላ ሥር ኩርሲ ለምና አምስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች። ሙቀቱ ያፈላል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ረሕማ በቪዲዮ ደወለች። ነጭ እብነ በረድ፣ የሰው ጎርፍ፣ በመሀሉ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ጀሚላ። ፊቷ በእንባ ርሷል፣ ግን የሳቀ ፊት ነው። «ቆንጂ፣ አየሽኝ? አየሽኝ?» ትላለች። ቆንጂት «አየሁሽ፣ አየሁሽ» እያለች እሷም ሱቁ ደጃፍ አነባች።

ቅዳሜ ማታ ቆንጂት እጇን አሥሬ ታጥባ፣ ፎቶውን ከፍታ፣ በሰማያዊ ማርከር አምስቱንም መስቀል አሰመረች። ፕላስተርም ከፋርማሲ ገዝታ ለጠፈችበት። ራቅ ብላ አየችው። «ከነሱም ይበልጣል» አለች።

እሑድ ባለሙያዋ የጀሚላን ልብስ ገለጥ አድርጋ አንድ አፍታ አየችና እጇን አነሳች።

«ይሄን ማን ነው የሠራው?»

ባለሙያዋ ማሽኑን አብርታ ቀጭኑን ብርሃን አሳረፈችበት። ምልክቱ አንደኛው በአንድ ጣት፣ ሌላኛው በሁለት ጣት ስቷል። ጀሚላ በልኬቱ ቀን እንደተነፋችና እንደተኛች ሆና ነበር የተለካችው፤ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ቆዳ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ይሄንን ቆንጂት ከየት ታምጣው? «በዚህ ተመርቼ ጨረር ብለቅባት አንጀቷን ነው የማቃጥለው» አለች ባለሙያዋ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷ አታውቅም፣ እኔ ነኝ ያጠብኳት» አለች ቆንጂት። ለመነች፣ ወለሉ ላይ ተንበርክካ እጅ ሳመች። ሐኪሟም ተቆጥታ ስልክ ደወለች። ግን የልኬቱ ማሽን አንድ ነው፤ ወረፋው ሞልቷል፤ ከፊቱ ደግሞ የዐረፋ በዓል አለ። ያገኙት ቀን ከበዓሉ በኋላ ነው፤ አምስት ሳምንት።

አምስቱን ሳምንት ቆንጂት በጾም ቆጠረችው። ወቅቱ ጾም አልነበረም፤ በገዛ እጇ ነው የገባችው። ወጥ ስታወጣ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ «ትንሽ ቆይ፣ ትንሽ ብቻ ታገስ» ትለው ነበር ያንን እብጠት፣ ሰው ይመስል። እብጠቱ ማንንም አይሰማም። ሎሚ የነበረው ብርቱካን አከለ፣ ቆዳው እየሳሳ ቀላ። የጀሚላ ግራ እግር አብጦ ጫማ አልገባ አለ። በበዓሉ በሦስተኛው ቀን፣ ረሕማ ሻይ ይዛ ስትገባ ፍራሹ በደም ርሷል። ፈነዳ።

ሐኪሟ ሌላ ፎቶ አስነሳችና ቆንጂትን ለብቻዋ ጠራቻት። ሳንባዋም ላይ ደርሷል። ጨረር አይታሰብም፤ ደሙን ማሰርና ሕመሙን ማስታገስ ብቻ። አውሮፕላንም በዚህ ሁኔታዋ አይጭናትም።

«በዚያ እሑድ ቢጀመርላት ኖሮ?» አለች ቆንጂት።

«አላህ ያውቃል» አለች ሐኪሟ። «ሳንባዋ ላይ ቀድሞም ኖሮ ይሆናል። ብሽሽቷን ግን እንይዘው ነበር። ሀገሯ ትገባ ነበር ብዬ አስባለሁ።» እውነቱን መናገሯ ነው፤ ቆንጂት ግን በዕድሜዋ ውሸት የተመኘችው ያን ቀን ነው።

ጀሚላ ካራንቲና ተመለሰች። ቆንጂት ስትነግራት እንደ መጀመሪያው ሁሉ ቃል አልቀነሰችም፤ «ጥፋቱ የኔ ነው» የሚለውንም ጨምራ ነገረቻት። ጀሚላ እጇን ያዘችና፣ «ዝም በይ» አለቻት። «ጨረሩን ባገኝ አንድ ዓመት ነበር። ዑምራዬን ግን ሙሉ አድርጌ ይዣለሁ። እንደዚያ ሆኜ ባልሄድ ምን ይዤ ነበር የምሄደው?» በዚህ አፏን ዘጋቻት። በዚህም አጽናናቻት፤ አዎ፣ ቆንጂት ተጽናናች። ነገሩ ለከንቱ አልነበረም አለች። ቢያንስ ለዚህ ሆነ።

የሚቀጥለው ዓርብ የወሎ ሴቶች ሊጠይቋት ተሰበሰቡ። ክፍሏ ጠባለች፤ ግማሾቹ በር ላይ ናቸው። ጀሚላ ከሕመም ማስታገሻው የተነሳ ከወትሮው ይልቅ አፏ ተፈቷል። ደብቃው የኖረችውን ሁሉ፣ ምልክቱን፣ ፕላስተሩን፣ ቦታውን ሳይቀር ተናገረችው። «ይቺ ክርስቲያን ናት ያነጻችኝ» አለች። «ውሃ ያልነካው አንዲት ነጥብ አላስቀረችብኝም።» ሴቶቹ ማሻ አላህ አሉ። ረሕማ ግን ትሪውን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ቆይታ ቆንጂትን ከበር ውጪ ጎትታ አወጣቻት። «እትዬ፣ ቀለም ነበር ያላችሁት? ከላዩ ፕላስተር?»

«አዎ።»

«ለምን አልጠየቃችሁኝም?» አለች ረሕማ፤ እንባዋ ቀድሟታል። «ቀለም ብቻውን እንደ ሂና ነው፣ ውሃ አይከለክልም። ፕላስተር ደግሞ የሕመም ከሆነ ከላዩ በእርጥብ እጅ ማበስ ይበቃል። ውሃ የሚጎዳውማ በአፈር ተየሙም አድርጎ ይሄዳል። ይሄ እኮ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ምኑንም ማንሳት አያስፈልግም ነበር! ዑምራዋ እንዲያው ሙሉ ነበር።»

ቆንጂት የተጽናናችበት ያች አንዲት ነገር ከእጇ ወጣች። በእርጥብ ጨርቅ እየዞረች ማበስ ጀምራ ነበር እኮ፤ ያንኑ ብትቀጥል ይበቃ ነበር።

«እንዳትነግሪያት» አለች።

«ወላሂ አልነግራትም።»

«ቆንጂ!» ጀሚላ ከውስጥ ተጣራች። «የት ሄደች? ዱዓ ልናደርግ ነው፣ ከውሰርም መስመር ላይ ናት፣ ግቢ!»

ገባች። ሴቶቹ ቦታ ለቀውላት ከፍራሹ አጠገብ ተቀመጠች። ከውሰር ያለችበት ስልክ ትራሱ ላይ ነው፣ ድምፁ ክፍት። ጀሚላ ሁለት እጇን በግድ አነሳች። «ያረቢ» አለች፣ «እናት ያላደረገችልኝን አደረገችልኝ። ያጠበችኝን እጆቿን ባርክልኝ። የሠራችልኝን ሥራ ለልጆቿ ክፈላቸው።»

«አሚን!» አሉ ሴቶቹ። ከስልኩ ውስጥም የከውሰር ድምፅ «አሚን፣ አላህ ይስጥልኝ እትዬ ቆንጂት» አለ። ረሕማ በር ላይ ቆማ በሻሿ ፊቷን ሸፈነች።

ጀሚላ እጇን ሳታወርድ ወደ ጎን ዞረች። «ቆንጂ፣ አንቺ አላልሽም። በይ እንጂ።»

ቆንጂት መዳፎቿን ከፈተችና «አሜን» አለች።